ስለ ጠፋው የቤት ተራ መዝገብ

የምስክር ስም፦ በምስጢር ተይዞ ታሽጓል
ዕድሜ፦ 23   ጾታ፦ ሴት
ሥራ፦ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ የሰባት ወር ተቀጣሪ
አድራሻ፦ በታላቅ እህቷ ቤት
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡20

እኔ ምስክር እንደተመረቅሁ በቤቶች ማኅበሩ የኮምፒውተር ክፍል የተቀጠርኩት በክፍሉ ኃላፊ፣ በእህቴ ባል አማካይነት ነው። ሥራውን ያስተማረኝም እርሱ ነው። ባለፈው ዓርብ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ ከቤት ተራ መዝገቡ የ37 ሰዎችን ድጋሚ ምዝገባ እንድሰርዝ ታዘዝኩ። የጻፍኩት ፕሮግራም የሰዎቹን የምዝገባ ቁጥር አንድ በአንድ እየዞረ ይሰበስብና ዙሩ ሲያልቅ በመካከላቸው ብቻ «ወይም» እያስገባ የስረዛውን ትእዛዝ ይገጥማል፤ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር «ወይም» የለውም። በ4፡45 የተቀመጠውን ቅጂ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

5፡00 ሰዓት ገደማ የእህቴ ባል መጥቶ አየና «ምሩቋ፣ ለሠላሳ ሰባት ሰው ይህን ሁሉ ድግስ? ተነሺ እስቲ» ብሎ ሳቀብኝ። በወንበሬ ተቀምጦ፣ በእኔ የመግቢያ ስም በተከፈተው ኮምፒውተር፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ኋላ «ወይም» እንዲጻፍ አደረገ። መጨረሻ ላይ የተረፈውን «ወይም» ለመዝጋት «1 ከ1 እኩል ነው» ብሎ ጨመረበት። ይህ የቆየ ልማዱ ነው፤ ማያያዣው «እና» ሲሆን አይጎዳም። በ«ወይም» ግን 1 ምንጊዜም ከ1 እኩል ስለሆነ በመዝገቡ ያለ ሰው ሁሉ ይሰረዛል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል» አልኩት። «አንቺ ሀ ሁ ስትቆጥሪ እኔ ይህንኑ ስሠራ ነበር» አለኝ። ዝም አልኩ። ቁልፉን የተጫነው እርሱ ነው። ስክሪኑ 4,112 ሰዎች መሰረዛቸውን አሳየ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ «ትንፍሽ እንዳትዪ፣ እኔ አለሁልሽ» አለኝ። አመንኩት።

የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ ከሦስት ሳምንት በፊት የተወሰደ ስለነበር ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡ 260 ሰዎች ተራቸው ጠፍቷል። ትላንት ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት ደብዳቤ «አዲሷ ሠራተኛ ያለፈቃድ፣ ሆን ብላ» ይላል። ፊርማው የእርሱ ነው። ያመኑት ፈረስ ሲሉ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለእህቴ ነገርኳት። እውነቱን ቀድማ ከባሏ ሰምታ ኖሯል። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሥራ አታጪም። እሱ ከታሰረ እኔና ልጆቹ ምን እንሆናለን? እኔ ነኝ በያቸው፣ የእናቴ ልጅ» አለችኝ።

አደጋውን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አምናለሁ። መዝገቡን የሰረዝኩት ግን እኔ አይደለሁም። መርማሪው እህቴ በምስክርነት እንድትጠራ እፈልግ እንደሆነ ጠይቆኝ «ትጠራ» ብያለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የሚያስጠይቀኝንም ሆነ ከቤት የሚያስወጣኝን ሳላስቀር የተናገርኩት እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________