ግማሽ የታረመ ማሳ

ደባርቅ ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የማድለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አባባ ደርሶ የሚባሉ ገበሬ ያልዋጡትን ክኒን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ሳሉ ለቆኛል ልጄ፤ ለባሰበት ስጪው» አሉኝ። ስድስት ወር ከሚወሰደው ገና ሁለት ወራቸው ነው። እኔም በሥልጠና የነገሩኝን ደገምኩላቸው፦ «አባባ፣ ካቋረጡት ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ አይሞትልዎትም።»

«እንዴት አድርጎ ይለምዳል? ተማሪ ቤት ገባ?» አሉ። «እኛ ገብስ ስናርም በመልኩ ከገብሱ የሚለየውን የሲናር አረም እንነቅለዋለን። ገብስ የሚመስለው ግን ያመልጠናል። ለከርሞ የሚበቅለው የዚያ ዘር ነው፤ ማሳው ሁሉ ገብስ በሚመስል ሲናር ይሞላል። ሲናሩ የተማረው ነገር የለም፤ የነቀልነው ሞተ፣ የተውነው ዘራ። ያንቺስ ጀርም እንዲያው አይደለም?»

ልክ እንዲያው ነው። እኔ የዳባት ገበሬ ልጅ፣ ሲናር እየነቀልኩ ያደግኩት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ማፈር ሲገባኝ በእሳቸው ኮራሁ። «እንግዲያው አባባ፣ ክኒኑን ለማን ልስጠው?» አልኳቸው።

ቋጠሯቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ማሳ አጋምሼ ትቼ አላውቅም» አሉኝ።