ስንብት በእድር ዕቃ ቤት

(ደሴ፣ በአንድ ሠፈር የእድር ዕቃ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ይርገዱ ትልልቅ ድስቶች ያጥባሉ፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ የነበረው ግዛቸው ደጃፉን ተደግፎ ቆሟል።)

ግዛቸው፦ እትዬ፣ እምቢ ከማለትዎ በፊት እንኳ ይስሙኝ።

ይርገዱ፦ ከመጣህ ጀምሮ እየሰማሁህ አይደል? «መዋጮውን አስቀድሜ ልክፈል» ነው ነገርህ ሁሉ። ብር አስከሬን ይሸከማል?

ግዛቸው፦ ስሜ እድሩ ውስጥ ይቆይልኝ ነው ያልኩት። አባቴ ሲሞት አባልነቱ ወደ እኔ ዞረ፤ እናቴም ያለችው በኔ ሥር ነው። እኔ ከወጣሁ እሷም ወጣች ማለት ነው።

ይርገዱ፦ ደንቡ እንደዚያ ነው። ድንኳን የማይተክል፣ ቀብር የማይቆም ሰው እድርተኛ አይባልም። አንተ ደግሞ ባሕር ተሻግረህ ልትኖር ነው።

ግዛቸው፦ ወኪል አቆማለሁ።

ይርገዱ፦ ማንን?

ግዛቸው፦ ሱቁን የገዛኝን ልጅ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቀብር አይቀርም።

ይርገዱ፦ እሰይ! ሱቅህን ሸጥክለት፣ አሁን ደግሞ እናትህን ምርቃት ልትጨምርለት?

ግዛቸው፦ እንዲህ አይናገሩኝ እንጂ! ምን ላድርግ? በራሷ ስም ትግባ ብዬ ጸሐፊውን ጠየቅሁት፤ በዚህ ዕድሜ አዲስ አባል አንቀበልም አለኝ።

ይርገዱ፦ እውነቱን ነው። አለዚያማ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ሌላ ቦታ ጨርሶ፣ ለመቀበር ብቻ ወደኛ ይመጣል።

ግዛቸው፦ እናቴ እኮ ጉልበቷን እዚሁ ነው የጨረሰችው።

ይርገዱ፦ እሱን እኔ ልንገርህ እንጂ አንተ አትነግረኝም። ይልቅ ያቺ የምትሄዱባት አገር፣ ስሟ እንኳ አፌ ላይ አልቀመጥ ብሎኛል፣ ምን ብላ ነው የምትወስዳችሁ?

ግዛቸው፦ ደሴት ናት። ቤት ለገዛ የውጭ ሰው የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጣለች። ዐሥር ዓመት፣ ከዚያ ይታደሳል።

ይርገዱ፦ ሥራስ?

ግዛቸው፦ ተቀጥሮ መሥራት አይቻልም። ይዘህ ከገባኸው ላይ እየበላህ መቀመጥ ነው።

ይርገዱ፦ እኛ ቁጭ ብሎ የሚበላውን ሥራ ፈት እንላለን። እነሱ ፈቃድ ይሰጡታል!

ግዛቸው፦ ይቀልዳሉ እርስዎ። ትንሿ ልጄ እኮ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ነው የምትገባው። የጦርነቱን ጊዜ አልረሳችውም። እኔ ለራሴ ብዬ ነው የምሄደው?

ይርገዱ፦ በዚህ አልነቅፍህም። እኔም በዚያን ጊዜ ሸሽቼ የተመለስኩ ነኝ። ልጆችህን አውጣ፣ እግዜር ይከተልህ። የምጠይቅህ ሌላ ነው። እናትህን ጥሩወርቅን ለምን አትወስዳትም?

ግዛቸው፦ አይፈቅዱማ። ሚስትና ልጆች ብቻ ነው። ወላጅ አይፈቀድም።

ይርገዱ፦ አይፈቀድም?

ግዛቸው፦ ሕጋቸው ነው። ከሕግ ጋር አልታገል።

ይርገዱ፦ ይገርማል። ያገሩ ሰዎች ከምን ተወለዱ? በል ያቺን ጭልፋ አቀብለኝ።

ግዛቸው፦ ይኸው።

ይርገዱ፦ ሐሙስ ዕለት አስካለ መጥታ ነበር።

ግዛቸው፦ የትኛዋ አስካለ?

ይርገዱ፦ አማትህ ነቻ! የፍሬሕይወት እናት። ስንት አስካለ አለህ?

ግዛቸው፦ እ... ምን ፈልገው?

ይርገዱ፦ ልትሰናበት። ነጠላዋን አጣፍታ መሐል ቆመችና «ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ፤ ልጄን ተከትዬ መሄዴ ነው፤ ከአባልነት አውጡኝ» አለችን።

ግዛቸው፦ ዝም ብለው ይውጡ ብያቸው ነበር እኮ!

ይርገዱ፦ አስካለ ወግ ታውቃለች። አብሯት ያለቀሰን እድርተኛ እንደ ሌባ ሹልክ ብላ አትሄድበትም።

ግዛቸው፦ ለጉብኝት ነው፣ እትዬ። ልጆቹ እስኪለምዱ ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ።

ይርገዱ፦ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ከእድር ይወጣል?

ግዛቸው፦ እሳቸው ያው... አያውቁም።

ይርገዱ፦ ታውቃለች እንጂ። «አንድ ወላጅ ይፈቀዳል ተብሎ ዕድሉ ለኔ ደረሰ» ብላ ነው የነገረችን።

ግዛቸው፦ አንድ ብቻ ነው! አባቴ ይሙት፣ ሕጉ አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚለው!

ይርገዱ፦ አባትህ ከሞተ ቆየ። ያንተ እናት ስንት ናት?

ግዛቸው፦ እትዬ ይርገዱ...

ይርገዱ፦ ስንት ናት አልኩህ።

ግዛቸው፦ ፍሬሕይወት «እናቴን ጥዬ አልሄድም» አለች። ልጆቹን ይዛ ልትቀር ነበር። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ ሽማግሌ ልላክ ሁሉ ብዬ ነበር። በኋላ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሆነብኝ። ደግሞ አስካለ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ይርገዱ፦ ጥሩወርቅ ካንተ ሌላ ማን አላት?

ግዛቸው፦ ሠፈሩ አላት። እናንተ አላችሁ።

ይርገዱ፦ አሁን ሠፈር ሆንን።

ግዛቸው፦ እናቴ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች ብዬ ነው። አስካለ ግን አንድ ወር እንኳ ብቻቸውን አይቆሙም።

ይርገዱ፦ ስለቻለች ተጨመረባት በለኛ! እሺ፣ እውነቱን ለምን አልነገርካትም? ጥሩወርቅ እውነት ሰምታ የምትሞት ሴት ናት?

ግዛቸው፦ በየትኛው አፌ? «ከሁለታችሁ አንዷን ምረጥ ተባልኩና አንቺን ተውኩሽ» ልበላት? ሕጉ ነው ስላት ሕጉን ትረግማለች፣ እኔን ትመርቀኛለች ብዬ ነው።

ይርገዱ፦ ምርቃቷንም ይዘህ ልትሄድ! ለአስካለስ ምን አልካት?

ግዛቸው፦ ምንም።

ይርገዱ፦ ታዲያ እሷ «ጥሩዬ የባሏን መቃብር ትታ አልሄድም አለች» ያለችን ከየት አምጥታ ነው?

ግዛቸው፦ ...እኔ ነኝ ያልኳቸው። አለዚያ «እናትህ ቀርታ እኔ እንዴት ብዬ» ይሉ ነበር።

ይርገዱ፦ አንዷን በሕግ፣ አንዷን በመቃብር ሸነገልካቸው። መለዋወጫ መሸጥ ይህን ሁሉ ያስተምራል?

ግዛቸው፦ ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። ግን አፈር ስሆን፣ እናቴ እንዳትሰማ። የምንሄደው ማክሰኞ ነው። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ራሴ በስልክ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።

ይርገዱ፦ እስኪ ዞር በል። ከኋላህ የተቆለለው ምንድን ነው?

ግዛቸው፦ ድንኳኑ ነዋ።

ይርገዱ፦ ጫፉን ግለጠውና ስፌቱን እየው።

ግዛቸው፦ ተጠግኗል። አዲስ ነው... የእናቴ እጅ ነው።

ይርገዱ፦ ባለፈው ነፋስ ቀዶት ነበር። ሐሙስ ስትሰፋው ነው የዋለችው፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ። አስካለ ስትገባ እዚያው ነበረች።

ግዛቸው፦ ሰማች?

ይርገዱ፦ አስካለ ነገር አላወቀችም፣ ምን ታድርግ። «ጥሩዬ፣ ምነው እምቢ አልሽ? አብረን ብንሄድ ምን ነበረበት» አለቻት። እናትህም «ኧረ እኔ ወላጅ አይፈቀድም ተብዬ ነው» አለች። ከዚያ ሁለቱ ተያዩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ያንተ ማደርም አላስፈለገው።

ግዛቸው፦ ወይኔ! ወይኔ እናቴ! ምን አለች?

ይርገዱ፦ ተነሥታ አስካለን ሳመቻት። «ልጄን አደራሽን፣ ሲከፋው እህል አይቀምስም» አለቻት። ተመልሳ ተቀመጠችና ስፌቷን ቀጠለች። እኛ ነን ያለቀስነው።

ግዛቸው፦ ሐሙስ ማታ እራት አቅርባልኛለች እኮ! ትናንት ሻንጣዬን አብራኝ አሰረች! አንዲት ቃል አልወጣትም!

ይርገዱ፦ እናት ናት። ምን ትበልህ?

ግዛቸው፦ አስካለስ? አልሄድም አሉ?

ይርገዱ፦ ካሁን ካሁን ትላለች ብዬ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው። አላለችም። እሷም ልጇን ትወዳለች። አንተ ልጅ፣ ታለቅሳለህ እንዴ?

ግዛቸው፦ ይተዉኝ።

ይርገዱ፦ እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ሲሉ እሰማ ነበር። አንተ የባስክ ነህ፤ ጥለሃት የምትሄደውም አንተ፣ የምታለቅሰውም አንተ!

ግዛቸው፦ አልሄድም። እቀራለሁ። እነሱ ይሂዱ።

ይርገዱ፦ በሦስተኛ ውሸት አትጨርሰን። ሱቅህ ተሽጧል፤ ልጆችህ ማክሰኞን ይጠብቃሉ። ትሄዳለህ።

ግዛቸው፦ ...እሄዳለሁ።

ይርገዱ፦ አየህ፣ ከመጣህ አሁን ገና እውነት ተናገርክ።

ግዛቸው፦ እንግዲያው ይህን ብቻ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። እድርተኞቹን ይሰብስቡና ይለምኑልኝ። ቀባሪ አጥታ እንዳትወድቅብኝ።

ይርገዱ፦ ያ አልቋል። ሐሙስ ዕለት እዚሁ ቆመን በራሷ ስም አስገብተናታል። ደግፎ ያልተነሣ ሰው አልነበረም።

ግዛቸው፦ ዕድሜዋስ? ደንቡስ?

ይርገዱ፦ ደንቡ የኛ ነው። ሲያስፈልግ እናጥፈዋለን። ያንተ ደሴት ሕግ አይደለም።

ግዛቸው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ልሳም...

ይርገዱ፦ ተው፣ እጄ ሳሙና ነው። ላንተ ብለን አይደለም ያደረግነው።

ግዛቸው፦ የዚያን አገር ስልኬን ልተውልዎ። ምንም ነገር ቢመጣ ቀን ሆነ ሌሊት ይደውሉልኝ። ምንም ቢሆን ቀብሯ ላይ እደርሳለሁ።

ይርገዱ፦ አትተውልኝ።

ግዛቸው፦ ምነው እትዬ! ለጠላት እንኳ መርዶ ይነገራል።

ይርገዱ፦ እኔማ ጠይቄያታለሁ። አዲስ አባል ስናስገባ «መርዶሽ ለማን ይነገር» ማለት ወጋችን ነው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ለማንም አትንገሩ፤ ልጄ የሚሄድበት አገር ወላጅ አይፈቀድም» አለችኝ።