ዳማን ያለ አለንጋ እንደገራሁት

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ስሙኝማ፣ ፈረስ የሚገራው በጉልበት ነበር፤ ሦስት ጎረምሳ ይይዘዋል፣ አንዱ ይወጣበታል፣ ደሙ እስኪወርድ ይገረፋል፣ ከዚያ ተገራ ይባላል። አባቴ ብቻ፣ አላህ ይርሐመውና፣ እንደዚያ አያደርግም ነበር። መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚገራው፣ ወንድ ልጅም ስላልነበረው ገመዱን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። እና ያኔ ያየሁት ካረጀሁ በኋላ ይጠቅመኛል ብዬ መች አሰብኩ።

ታዲያ ሰይድ፣ የልጆቼ አባት፣ ጋሪ ነጂ አይደል፣ የበፊቱ ፈረስ አርጅቶ ሞተበትና ዋጃ ገበያ ሄዶ ሌላ ገዝቶ መጣ። ዳማ ፈረስ ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ስሙንም ዳማ አልነው። ማማሩን ያምራል፣ ግን ተደብድቦ ያደገ ነው፣ ጀርባው ጠባሳ ብቻ። እጅ ወደ ጆሮው ከቀረበ ያብዳል። ሰይድ ልጓም ላስገባበት ሲል ፈረሱ ግድግዳው ላይ አጣብቆ ወገቡን ጎዳው፣ እና እንደ ጆንያ ተሸክመው አስገቡልኝ። ወጌሻው እንዳይነሳ አለ። ቤቱ የሚኖረው በጋሪው ነው፣ ማሽላችን ማሳ ላይ ደርሷል፣ የሚያጓጉዝ የለም።

የሰይድ ታላቅ ወንድም መጣ፣ አያ ይማም። ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁ ነው ትልቁ፣ እዚህ ሹክ ቢል ጎብዬ ከተማ ድረስ ይሰማል። እና በር ላይ ቆሞ፣ እንዲህ ወገቡን ይዞ፣ "ይሄ ፈረስ አይደለም፣ ጂኒ ነው። ሰው ሳይገድል ይሸጥ" አለ። ሰይድ ከተኛበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እንዲህ ካደረገ ተስማማ ማለት ነው፣ አውቀዋለሁ። እኔ ከጓዳ ወጣሁና፣

"አያ ይማም፣ ማሽላው እስኪታጨድ ለኔ ተወው" አልኩት።

"ላንቺ? ምን ልታደርጊው?"

"ልተዋወቀው።"

ሳቀብኝ። ማሽላው ታጭዶ ጋሪ ካልጎተተ ራሴ ነድቼ ገበያ እወስደዋለሁ ብሎ ሄደ።

ታዲያ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ምንም። ጠዋት በረቱ መሃል ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩና ምስር መልቀም ጀመርኩ። እሱ ጥጉን ይዞ ያንኮራፋል፣ እኔ ዞሬ አላየውም። ፈረስን ዐይን ዐይኑን የሚያየው ጅብ ነው ይል ነበር አባቴ። በማግስቱም ተቀመጥኩ፣ ከዚያም ወዲያ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ዘይነባ በአጥር አይታኝ ፋጡማን በባሏ ጭንቀት ምክንያት አንድ ነገር ነክቷታል ብላ ለሰፈሩ ነገረች። እኔ ለቅሜ ስጨርስ ከአፋሮች የገዛኋትን የጨው ቁራጭ መሬት ላይ ትቼለት እወጣለሁ። አንድ ጠዋት ታዲያ፣ እንደተቀመጥኩ፣ ማጅራቴ ላይ ትኩስ ትንፋሽ መጣብኝ። አልዞርኩም። ሻሼን አሸተተ፣ ትከሻዬን አሸተተ። ጨውዋን በመዳፌ ይዤ ቀስ አድርጌ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁና ላሰልኝ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ገመድ። ልጓም አላልኩም፣ ለስላሳ ገመድ ነው፣ ላላ አድርጌ። እሄዳለሁ፣ ይሄዳል፤ እቆማለሁ፣ ሲቆም አንገቱን አሻሸዋለሁ። ሲጎትተኝ አልጎትተውም፣ ተክዬ እቆማለሁ፣ ገመዱ ሲላላ "አብሽር፣ አይዞህ" እለዋለሁ። ወደ ኋላ መመለስን ደረቱን በጣቴ ነካ እያደረግኩ አስተማርኩት። ጆንያ አመጣሁና ሰውነቱን አሻሸሁት፣ ዘለለ፣ አብሬው ዞርኩ፣ ሲቆም ጆንያውን አነሳሁለት። ጆሮውን እስክነካው ድረስ ያየሁትን ፍዳ አትጠይቁኝ። ከዚያ አሮጌ የመኪና ጎማ ከኋላው አስሬ አስጎተትኩት። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ሊፈረጥጥ ተነሳና፣ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ዞሮ አየኝ። ልፍራ ወይስ ልተወው ብሎ ጠየቀኝ እኮ! እኔ አልፈራሁም፣ እሱም ተወው።

ሰይድ ይሄን ሁሉ ከመደቡ ላይ ሆኖ ያያል። ወገቡ ሲሻለው በምርኩዝ እያዘገመ መጣ፣ እጁን ያዝኩና ዳማ አንገት ላይ አኖርኩለት። ሰይድ እጁን ሊመልስ ይላል፣ ፈረሱም አንገቱን ሊያሸሽ ይላል፣ ሁለቱም ፈርተዋል። ቆይተው ቆይተው ሁለቱም በረዱ። በነጋታው ሰይድ አሮጌ ጋቢውን ቀዶ የጋሪው ጠፍር ዳማን እንዳይቆርጠው ደረቱ ላይ የሚውል ትራስ ሰፋለት።

ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጋሪው ተጫነ። ወደ ቆቦ ገበያ ስንሄድ እኔ ከፈረሱ ጎን በእግሬ ነኝ፣ አያ ይማም በራሱ ጋሪ ከኋላ ይከተላል፣ ሊመሰክርብኝ ነው። ታዲያ ከተማው መግቢያ ላይ፣ አስፓልቱ መሃል፣ ጠፍሩ ተበጠሰና የጋሪው እንጨት ወርዶ የኋላ እግሩን መታው። በዚያው ቅጽበት አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን ጡሩንባውን ለቀቀው። ባጃጆቹ ተበታተኑ፣ ሰው ሸሸ። ዳማ በኋላ እግሮቹ ተነሳ፣ ሰማይ ደረሰ። እኔ ከፊቱ ቆምኩ፣ ገመዱን አልሳብኩም፣ "አብሽር፣ ዳማዬ፣ አብሽር" አልኩት። ወረደ። ወረደና ሙሉ ሰውነቱ እየተንዘፈዘፈ እንጨቱ እግሩ ላይ እንደተጋደመ ቆመልኝ። አያ ይማም ዘሎ ወርዶ እየሮጠ መጣ፣ ሊመታው እጁን አንስቷል።

"እጅህን አውርድ፣ አያ ይማም" አልኩት።

አወረደ። ሰምቼው የማላውቀውን ትንሽ ድምፅ አወጣና "ምን ልርዳሽ?" አለኝ። ጠፍሩን ቋጥርልኝ አልኩት። ተንበርክኮ ሲቋጥር ፈረሱ ንቅንቅ አላለም። ሲነሳ ዐይኑ እንባ ሞልቷል፣ ለተሰበሰቡት ጋሪ ነጂዎችም "ይሄ ፈረስ አይሸጥም" አላቸው፣ ገዢ የጠየቀው ይመስል።

ገበያው ጋ ደርሰን ማሽላውን ካራገፍን በኋላ ዳማን ፈትቼ ውሃ ላጠጣው ስወስደው አንዱ ጋሪ ነጂ ገመዱን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው እንጂ እናቴ አለኝ። እኔም ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩና ባዶ እጄን አጣጥፌ መንገዴን ቀጠልኩ። በጆንያው መሃል፣ በፍየሉ መሃል፣ በባጃጁ መሃል ስሄድ የኮቴው ድምፅ ከኋላዬ አልተለየኝም። ገበያተኛው መንገድ ለቀቀልን። እኔ እንደ ሙሽራ ቀና ብዬ ነው የሄድኩት፣ ማሻአላህ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

"ቢፈረጥጥብሽስ ኖሮ፣ እትዬ ፋጡማ?" አላችሁኝ?

ቢፈረጥጥብኝማ፣ ይሄን ወሬ ዛሬ የሚያወራችሁ ይማም ነበር፣ ያውም እየጮኸ! ሃ ሃ ሃ።