ፒፔቱን ማን ይሳብ?

በደርግ ጊዜ ደሴ ስንማር አንድ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። የኬሚስትሪ መምህራችን የፓርቲ አባል ስለነበር "ጾም ኋላ ቀርነት ነው!" ይለናል። አንድ ጠዋት የቫይታሚን ሲ ክኒን ውሃ ውስጥ አሟሟና አዮዲን እያንጠባጠብን ምን ያህል ቫይታሚን እንዳለው እንድናሰላ አዘዘን። ውሃውን ለመለካት ግን ፒፔት የሚሉትን ቀጭን የመስታወት ቱቦ በአፍ መሳብ ነበረብን፤ አፍ ውስጥ ጠብ ማለቱ ደግሞ አይቀርም።

"ሰይድ፣ ና ሳብ!"

"ወላሂ ቲቸር፣ ጾመኛ ነኝ።"

"አንተስ ተስፋዬ?"

"እኔም ጾመኛ ነኝ።"

"እናንተ ኋላ ቀሮች!" አለና ቱቦውን ራሱ ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። ከዚያ ቆም ብሎ ሰዓቱን አየ። "በሉ... ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቀጥላለን።"

ዘጠኝ ሰዓት ሁዳዴ ጿሚ እህል የሚቀምስበት ሰዓት ነው! ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ ሰይድ እጁን አወጣ፦ "ቲቸር፣ እኛን ግን እስከ መግሪብ ይጠብቁን!"