የሃያ ሰባት ዓመት ዝናብ

የሰፈሩ ሰው «አባ ሚሊ» የሚላቸው አዛውንት አሮጌ ኮምፒውተራቸውን በአንሶላ ጠቅልለው፣ የጥገና ሱቁን በር በክርናቸው ገፍተው ገቡ። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲለኩ ስለኖሩ፣ «ትናንት ደህና ዘነበ» ላላቸው ሰው ሁሉ «ስንት ሚሊ?» ብለው ይመልሱ ነበር።

ጠጋኙ ሽፋኑን ፈትቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አባባ፣ የፍሎፒ ማንበቢያው አልቆለታል። መለዋወጫውም ከገበያ ከጠፋ ቆየ።»

«እንግዲያው የዝናቡን መዝገብ በምን ላነበው ነው?»

ፕሪንተሯን ለማሠራት ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረች ወጣት መሐንዲስ ይህን ስትሰማ ጆሮዋን ቀሰረች። «ይቅርታ አባቴ፣ የምን ዝናብ ነው ያሉት?»

«የዚሁ የሸለቋችን ነዋ ልጄ። የወንዙም ከፍታ አብሮ አለ። ለየሁለት ወሩ አንድ ፍሎፒ ዲስክ፣ ሲደመር አንድ መቶ ስድሳ ሁለት። መጀመሪያ የጻፍኩባቸው ደብተሮች እሠራበት የነበረው ቢሮ ሲዛወር ጠፉ፤ የተረፈው እኔ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ብቻ ነው።»

መሐንዲሷ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ ለመተካት ንድፉን የምትሠራው እሷ ናት። በእጇ ያለው የስድስት ዓመት መረጃ ብቻ ሲሆን፣ የድልድዩን ከፍታ በአሥር ቀን ውስጥ ወስና ማስረከብ ነበረባት። ይህን ስትነግራቸው አዛውንቱ በጽሞና አዳመጡ። ነገሩ የሳቸውም ጉዳይ ነው። ልጃቸው ወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ድልድዩ ከሄደ ወዲህ ሥራ የምትገባው ሁለት ሰዓት በጭቃ ዞራ ነው።

«መዝገቡን ተጠቀሚበት» አሉ። «ማሽኑ ብቻ ይጠገንልኝ።»

«ቢጠገንም ነገ ተመልሶ ይበላሻል። ሁሉንም ወደዚህ ብንገለብጠውስ?» ብላ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፍላሽ መዳፏ ላይ አሳየቻቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «የሃያ ሰባት ዓመት ድካሜ እዚህች ውስጥ ይገባል ነው የምትይኝ?»

«ቦታም ይተርፈዋል። ላስላልዎት። አንድ ፍሎፒ የሚይዘው አንድ ነጥብ አራት አራት ሜጋ ባይት ነው። የእርስዎ ዲስኮች ሁሉም ጢም ብለው ቢሞሉ እንኳ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት ሜጋ ባይት ገደማ ቢሆኑ ነው። ይህች ደግሞ ስምንት ጊጋ ባይት ትይዛለች፤ ስምንት ሺህ ሜጋ ባይት ማለት ነው። የእርስዎን ክምር ሠላሳ አራት ጊዜ ትውጠዋለች።»

«የሚያስፈራኝ ይኸው መዋጧ ነው። ቁም ሣጥን የሞላ ሥራ በኪስ ቀዳዳ ሾልኮ ሲቀር አስቢው። እኔ ስዳስሰው ‹አለ› የምለው ነገር ይሻለኛል። ደግሞስ ይህን ያህል ሲጠብ ምንም አይጎድልበትም?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሰው ዕድሜውን ያፈሰሰበት ሥራ በእጁ ከብዶ ሲገኝ ደስ ይለዋል፤ ሲቀልበት ራሱም የቀለለ ይመስለዋል። መሐንዲሷ ይህ ስለገባት አልሳቀችም።

«አባቴ፣ እኔም ልጠይቅዎት። የዝናብ መለኪያው አፉ ሰፊ አይደለም?»

«ሰፊ ነው።»

«ውስጡ ያለው የብርጭቆ ቱቦስ?»

«እሱ ጠባብ ነው። የጠበበውም ትንሿን ጠብታ ሳይቀር አጥርቶ ለማንበብ ነው።»

«ውሃው ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሲወርድ ዝናቡ ይቀንሳል?»

«አይቀንስም» አሉ አዛውንቱ።

«ይሄም እንደዚያው ነው። የጠበበው ዕቃው ነው እንጂ ከቁጥሩ አንዲት ነጥብ አትጎድልም። ስለ መጥፋቱ ያሉት ግን እውነት ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር ይጠፋል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ እርስዎ፣ አንዱን ልጅዎ፣ አንዱን የእኛ ቢሮ ይይዘዋል። ቁም ሣጥኑን ሦስት ቦታ ማኖር ይችላሉ?»

«እሱንስ አልችልም። ግን ስትገለብጪ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

«የምለምንዎትም ይህንኑ ነው።»

ጠጋኙ ከመደርደሪያ ሥር አቧራ የለበሰ፣ በገመድ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የሚሰካ ማንበቢያ ፈልጎ አወጣና «እስክትጨርሱ ይቆይ» ብሎ አዋሳቸው።

በአዛውንቱ ሳሎን ሦስት ቀን ተቀመጡ። ማንበቢያው እያጉረመረመ ቁጥሮቹ ሲደረደሩ፣ እሳቸው «በዚህ ቀን ነፋስ ጃንጥላዬን ነጥቆኝ ነበር» እያሉ ያጫውቷታል። በሁለተኛው ቀን አንድ ዲስክ አልነበብ አለ። ሌላም ተከተለ። ሻጋታ በልቷቸው ኖሯል። ሥራው ሲያልቅ አሥራ አንድ ዲስኮች ሳይነበቡ ቀሩ።

አዛውንቱ አሥራ አንዱን ጉልበታቸው ላይ ደርድረው አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። «እየዳሰስኳቸው ነው የሞቱት» አሉ። «እኔ ‹አሉ› እላለሁ፣ እነሱ ግን የሉም። ልጄ፣ ዘንድሮ ባትመጪ የቀሩትም ይከተሏቸው ነበር።»

ከዳኑት መካከል ግን የአሥራ አራተኛው ዓመት የክረምት ዲስክ ነበረች። በአንድ ቀን መቶ አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ ወንዙ በእሷ የስድስት ዓመት መረጃ ውስጥ ታይቶ ከማያውቅ ከፍታ ደርሶ ነበር። መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ድልድዩን ከዚህ ውሃ በታች ልሠራው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ።» በማግስቱ ንድፏን ሁለት ሜትር ከፍ አደረገች።

ድልድዩ ተሠርቶ ባለቀ በሁለተኛው ክረምት ሸለቆው ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበበት። አባ ሚሊ ወንዙ ዳር ሲደርሱ መሐንዲሷ ቀድማቸው ቆማ ነበር። ደፍራሹ ውሃ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ድልድዩ ይቆም ከነበረበት ከፍታ አንድ ክንድ አልፎ፣ ከአዲሱ ድልድይ ሥር እያገሳ ይሄዳል።

«ያዳነን የእርስዎ ቁጥር ነው» አለቻቸው።

«ቁጥሩማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝቶ ማንንም አላዳነም» አሉ። «ያስነሣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ የማመሰግነው።»

ከዚያ ወዲህ መዝገቡን የእርሻ ቢሮው ለዘር ጊዜ፣ የውሃ ቢሮው ለጉድጓድ ይጠቀምበታል። አዛውንቱም ጡረተኛ ጓደኞቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ «ዲስካችሁን ሳይሻግት አስገልብጡ፤ ቅጂውንም አንድ ቦታ አታስቀምጡ» ይላሉ። ዕውቀት የሚጠቅመው የሚያነበው ዕቃ እስካለ፣ ከአንድ ሰው ቤትም ወጥቶ ለሌላው እስከደረሰ ድረስ ነውና ምክራቸው ሊሰማ ይገባል።

በዚያ ወንዙ በሞላበት ቀን ግን፣ ምሽት ሲቃረብ ልጃቸው ከጤና ጣቢያው ወጥታ፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ በድልድዩ ላይ መጣች። አጠገባቸው ስትደርስ አባትየው ወደ እግሯ ጎንበስ ብለው አዩ። ጫማዋ ጭቃ አልነካውም።