ስምንት ክንድ የገባው ሸምበቆ

ክቡር ዲሬክተራችን አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ ክቡራትና ክቡራን መምህራን፣

ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጃችሁ አይንጠፍ። ጠላውን ለጠመቁት፣ ወንበሩን ለተሸከሙት፣ ስለ እኔ ያን ሁሉ ምስጋና ለደረደሩት እግዜር ይስጥልኝ። ምስጋናውን ስሰማ ስለ ማን እንደሚወራ ለማየት ዘወር ዘወር እያልሁ ነበር። አቶ ታረቀኝ «ቁጣ የማያውቅ መምህር» ሲለኝ ከኋላ የሳቃችሁትንም አይቻችኋለሁ።

በስንብት ቀን ሰው ደስ የሚል ነገር ተናግሮ ይቀመጣል። እኔ ግን ዛሬ ደስ የሚል ነገር አልያዝሁም። ኪሴ ውስጥ ያለው አንድ ቅጽ ነው። ነገ ማልዶ ከሌሎቹ ቅጾች ጋር በፖስታ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ቅጹን የሞላችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን የብርጓል ናት፤ በሒሳብ ከመቶ ዘጠና ስምንት ያገኘችው። በኮሌጅ ምርጫዋ ላይ «ምህንድስና» ብላ ጻፈች። ባለፈው ሐሙስ የምርጫ ኮሚቴው፣ እኔ ሰብሳቢው፣ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያትና አቶ ታረቀኝ አባላቱ፣ ተቀምጠን ሰረዝነው። በቦታው «የቤት አያያዝ» ብለን ተካን። ከጎኑ «ለሴት ይከብዳል» የሚል ቃል አለ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ዓርብ ዕለት ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ የቱን ጥያቄ ተሳሳትሁ?» አለችኝ።

«የተሳሳትሽው የለም።»

«እንግዲያ ለምን ተሰረዝሁ?»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለምን የሚል ተማሪ ስጡኝ» እያልሁ ስጮህባችሁ ኖሬ፣ አንዲቱ ብትመጣ «ነገሩን እናየዋለን» ብዬ ሸኘኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ቅጽ ከኪሴ አልለየሁትም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ለባለቤቴም ነግሬያት የማላውቀው ነገር ነው።

ዘመኑ ጣሊያን አገራችን ላይ የተቀመጠበት፣ ግንቦት 1931 ዓ.ም. ነው። የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ እንጨት መጥረብ ተምሬ ስለነበር አርበኞቹ «አናጢው» ይሉኝ ነበር። ጣሊያን በደብረ ወርቅ በኩል መንደር እያቃጠለ መጣ የሚል ወሬ ደረሰን። ከዲማ በታች ገደል ውስጥ የተሸሸገው ሕዝብ፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ቁስለኛው፣ ወንዙን ተሻግሮ መሸሽ ነበረበት። ደጋው ላይ ዝናብ ጀምሯል፤ ወንዙ በየቀኑ ይሞላል። የጦሩ አለቃ ጠሩኝና «አካለ ወልድ፣ በአራት ቀን ድልድይ አቁምልን» አሉኝ።

ስድስት ሰው ይዤ ወረድሁ። ወንዙ የጠበበበትን ቦታ መረጥሁ። አጭር ግንድ ይበቃል፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ከእናንተ ማን ነው ያን ቦታ የማይመርጥ?

በሁለተኛው ቀን ታየች የምትባል ልጃገረድ መጣች። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሞላት ነው። ከዚያ ወንዝ በየቀኑ ውሃ ትቀዳ ነበር። እንስራዋን እንዳዘለች ራቅ ብላ ቆመችና፣

«አያ አካለ፣ እዚያ ላይ አትጣለው። የማዶው ዳር ከሥሩ ተቦርቡሯል» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«በሚያዝያ ውሃው ጎድሎ ሳለ ሸምበቆ ሰድጄ ለክቼዋለሁ። ስምንት ክንድ ገባ።»

«ለምን ለካሽው?»

«ላውቀው ብዬ።»

መቼም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር እህል ሲወቃ ሴት አውድማ አትረግጥም። በረከቱ ይሸሻል ይባላል። የእኔ ሰዎች ይህን ልማድ ከአውድማው አንሥተው ድልድዩ ላይ ጫኑት። አንደኛው «ራቂ ከዚህ፣ ሥራችንን ታበላሺብናለሽ» ብሎ ጓል ወረወረባት። እኔ አልከለከልሁትም። እንዲያውም «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብዬ ሰዎቼን አሳቅኋቸው።

አላለቀሰችም። በእጇ ወደ ታች እያመለከተች፣ «እዚያ ሾላው ጋ ሰፊ ነው፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ዓለት ነው። መካከሉ ላይ ድንጋይ ብትቆልሉ ግንዱ ይደርሳል» ብላኝ ሄደች።

ማየቱ ምን ይጎዳኝ ነበር? የመጀመሪያው ግንድ እንደተጋደመ ተሻግሬ አንድ ሸምበቆ መስደድ ብቻ ነበር። አላደረግሁትም። እውነቷን ቢሆንስ ብዬ ፈርቼ ነው። እውነቷን ከሆነ የሁለት ቀን ሥራ ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው፤ ያውም በልጅ፣ ያውም በሴት ልጅ ቃል።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሕዝቡ መሻገር ጀመረ። አርበኞቹ አፋፉ ላይ ጠላትን ይዘው አቆዩልን፤ ተኩሱ ይሰማናል። ሠላሳ ያህል ሰው አለፈ። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም፤ ኮራሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ቀጥሎ የቁስለኞቹ ቃሬዛ ገባ። በመጀመሪያው ቃሬዛ ላይ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ወልደ ሩፋኤል ነው፤ ጭኑን ተመትቷል። አራት ሰዎች ተሸክመውታል። ማዶ ሊደርሱ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ዳሩ ከሥሩ ተናደ። ግንዱም፣ ቃሬዛውም፣ አራቱም ሰዎች አብረው ወረዱ። ወንድሜ ወደ እኔ እያየ ነበር።

ከኋላዬ ሁለት መቶ ሰው ቆሟል። ተኩሱ እየቀረበ ነው። እኔ የተናደውን ዳር ከማየት በቀር ያደረግሁት የለም። ያን ጊዜ ታየች ከሕዝቡ መካከል ወጣችና «የቀረውን ግንድ ወደ ሾላው አምጡ» አለች። ቀሚሷን ሰብስባ ታጠቀች፤ መጫኛውን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ጫፉን ለሰዎች ሰጥታ ውሃው ውስጥ ገባች። ዓለቱን በእግሯ ፈለገችው። «እዚህ። ትልቁን ድንጋይ መጀመሪያ።» ጓል የወረወረባት ሰውዬ ድንጋይ አቀባይዋ ሆነ። የአውድማን ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም። ቀትር ሳይሆን ሕዝቡ በሙሉ ተሻገረ። የመጨረሻዎቹ ሲያልፉ ጥይት ውሃው ላይ ይወድቅ ነበር።

ጥፋቴ ይህ ብቻ ይመስላችኋል? የባሰው ከዚህ ወዲያ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገድ ሥራ ተቀጠርሁና ብዙ ዓመት ድልድይ ስሠራ ኖርሁ። ከዚያም ተምሬ እናንተ ዘንድ መጣሁ። ታየች ወደ አምበር ከተማ ተድራ ሰባት ልጅ ወልዳለች። አምና እዚያው ገበያ ላይ ጨው ስትገዛ አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የወንድምህ ነገር ከሆነ ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አላወቅህም ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ ግን ታውቅ ነበር። ያን ሁሉ ድልድይ ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ አስጠራኸኝ?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ጨውዋን ይዛ ሄደች።

እንግዲህ ይህን በጆሮዬ ሰምቼ ነው ባለፈው ሐሙስ «ለሴት ይከብዳል» ብዬ የጻፍሁት። ወንድሜን የበላ ስሕተት ነው፤ እኔ ግን በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ በቀለምና በብዕር ደገምሁት። አፍራለሁ።

የብርጓል የታየች ልጅ ናት እንዳትሉኝ። አይደለችም፤ የደብረ ወርቅ ገበሬ ልጅ ናት። ዝምድና አያስፈልጋትም፤ ዘጠና ስምንት አላት።

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት፣ እርስዎ ሐሙስ ዕለት «በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ብቻዋን ልንጥላት ነው?» ብለው ነበር። እውነትዎን ነው፤ ብቻዋን ትሆናለች። ግን የመጀመሪያዋን ካስቀረናት ሁለተኛዋ ከየት ትመጣለች? ዘጠነኛ ክፍል ያሉት ልጃገረዶች አሁን እርሷን እያዩ ነው። እባካችሁ፣ ወደ ክፍላቸው ግቡና ምህንድስና ምን እንደሆነ ንገሯቸው። እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ልጅ ስለ ሸክም ከመጽሐፉ በፊት የምታውቀው ነገር አላት። ጠይቋት እንጂ አትገምቱላት።

ስረዛውን ለማንሣት የሦስታችን ፊርማ ያስፈልጋል። የእኔው ሰፍሯል። ወረቀቱ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ። እስኪፈረም አልቀመጥም። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ታውቃላችሁ፤ እንግዲህ ፍረዱ።

አቶ ታረቀኝ፣ እግዜር ይስጥህ። ቀለሙ ካለቀ የእኔ ብዕር አለልህ።

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት? ምን አሉኝ? አባቷ እንቢ ቢሉስ? አባቷ ዘንድ እኔ እሄዳለሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ቅዳሜ ደብረ ወርቅ ነኝ። ደጃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክሜ እቆማለሁ።

አይቸኩሉ፤ እጠብቃለሁ።

ፈረሙልኝ፤ እግዜር ያክብርልኝ፣ እመቤቴ።

አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ ማኅተሙ እርስዎ ጋ ነው። ነገ ይሁን? ፖስታው እኮ ነገ እርስዎ ቢሮ ሳይገቡ ይነሣል። ጌታዬ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ለምኜዎት አውቃለሁ? ተነሡልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ከእናንተ ያነሰ ሰው ሲናገር የሚሰማ ጆሮ ይስጣችሁ። ስትሳሳቱ ደፍሮ የሚያርማችሁ ተማሪ አይጥፋባችሁ። የምታስተምሯቸው ይብለጧችሁ፤ ሲበልጧችሁም ደስታውን ለማየት ዕድሜ ይስጣችሁ። ቤታችሁ ሰላም፣ ልጆቻችሁ የተባረኩ ይሁኑ። የበደልሁት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ።

የብርጓል፣ በሩ ላይ ቆመሽ እየሰማሽ ነው፤ ያስጠራሁሽ እኔ ነኝ። ግቢ ልጄ። ፊርማው ተሟልቷል፤ ከስረዛው በታች አዲሱ ምርጫ የሚጻፍበት መስመር ግን ባዶ ነው። ሐሙስ ዕለት እኔ ጻፍሁልሽ። ዛሬ እጄን ሰብስቤያለሁ። ብዕሩን ያዢ፤ እኛ ቆመን እንጠብቃለን።