ጉድጓድ ውስጥ የተተወ ዶማ

ኖርማዬ፣ እንደምን አደርሽ? በረዶው መቅለጥ የጀመረ መሰለኝ፤ ወንዙ ዛሬ ድምፅ አለው። የፖም ፓይ ካለሽ ትንሽ ቁረጪልኝ... ጮክ ካልኩብሽ ይቅርታ፣ ጆሮዬ ደክሞ ነው። የምግብ ቤትሽ ጥግ ላይ የሚበሉትን ጌታ እንዳልረብሻቸው ብዬ እንጂ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እዚህ ዶርሲ ፍላት ደግሞ ወርቁ ካለቀ ስንት ዘመኑ... ስለዚህ ትንሽ ላውራ። አርጅቻለሁና አንዳንዱን አዛብቼው ሊሆን ይችላል፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

አንድ ታላቅ ሰው አሉ። ስማቸው ምን ያደርግልሻል? በአውራጃው ምክር ቤት የኛን ከተማ ወክለው የተቀመጡ ናቸው። ለዚህች ከተማ ያላቸው ፍቅር ወደር የለውም። ቅድመ አያታቸው ከዚህ ወንዝ የመጀመሪያውን ወርቅ እንዴት እንዳወጡ በየበዓሉ ሲነግሩን ያለቅሳሉ። እኔ ራሴ መሐረብ አቀብያቸው አውቃለሁ።

የድሮዎቹን ወርቅ ፈላጊዎች ደንብ ታስታውሺያለሽ? ሰው ዶማውን ጉድጓዱ ውስጥ ትቶ ከሄደ፣ የትም ይሁን የት፣ ጉድጓዱ የሱ ነው። ማንም አይነካበትም። እሳቸውም የአያቶቻቸውን ደንብ አልረሱም። እዚህ ካልኖሩ እኛን መወከል አይችሉም አይደል? ታዲያ በዶማው ፈንታ የበረንዳቸው መብራት በየምሽቱ ይበራል፣ በየንጋቱ ይጠፋል። በረዶው በጣለባቸው ወራት ሁሉ ደጃፋቸው ላይ ግን የእግር ዳና አላየሁም። እንግዲህ በጣም ቀላል ሰው ቢሆኑ ነው... ታች ሜዳው ላይ፣ ሃርግሮቭ ከተማ፣ አዲስ ቤት ገዝተዋል የሚሉ ምቀኞች አሉ። ሰው ዘመድ መጠየቅ አይችልም? ከኅዳር እስከ መጋቢት ቢጠይቅስ?

ነገ እዚህ ያሉት የአውራጃው ፍርድ ቤትና ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ወደ ሃርግሮቭ ይዛወሩ አይዛወሩ ተብሎ ድምፅ ይሰጣል። ምክር ቤቱ እኩል ለሁለት ተከፍሏል፤ የቀረችው የእሳቸው እጅ ናት። ፍርድ ቤቱ ከሄደ ያንቺን ምሳ ማን ይበላል? እኔና ድመትሽ? ግን አትስጊ። «ገና አላሰብኩበትም» ብለዋል። እሳቸው ደግሞ ሳያስቡ አንድ ነገር አያደርጉም።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል። ይህን ተረት በእሳቸው ላይ የሚተርት ሰው ይፈር። ጠጠር መቼ ሰጡን? እንዲያውም ወሰዱልን እንጂ። ያ ወርቅ አጣቢዎቹ ወንዙ ዳር ከምረውት የሄዱት ጠጠር፣ እሳቸው መሬት ላይ ያለው... አማቼ ማክሰኞ ከሃርግሮቭ ሲመለስ አይቶታል። አዲሱ ፍርድ ቤት ይሠራበታል በተባለው ቦታ ላይ የጭነት መኪናዎች ሲያራግፉት ነበር። ድምፁ ሳይሰጥ መሠረቱ ደረሰ። አርቆ አሳቢነት ይሉሻል እንዲህ ነው። እኛ መቼ እንዲህ እናስባለን?

ከማክሰኞ ወዲህ የሰማሁት የለም። ያልሰማሁትን ደግሞ አላወራም፤ ታውቂኛለሽ፣ ጠንቃቃ ሰው ነኝ።

ምነው፣ ጌታው ፓያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ? ኮታቸውን አቀብያቸው እንጂ ኖርማ...

እኔስ ላልኩሽ ሰው ዘወትር እጸልይላቸዋለሁ። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ልጆቻቸው በእሳቸው ይውጡ፣ ቁርጥ እሳቸውን ይሁኑ። ከአልጋ የማያስነሣው እርጅና ሲመጣም፣ እሳቸው ለዚህች ከተማ እንዳሰቡላት፣ ልጆቻቸውም ልክ እንዲሁ ያስቡላቸው።